ጉልበት፣ ሥራና አቅም፦ ስለ ጫኝና አውራጅ ወንድሞቻችን ወገብ



የዛሬው ርእሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። ስለ ፊዚክስ ነው የምናወራው። «ኢማምን ከፊዚክስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር ምክንያቱን ልንገረው። በእኛ ሰፈር በሳሪስ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቃሊቲና አቃቂ ድረስ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ መጋዘን፣ ጋራዥ፣ የሲሚንቶና የብረት መሸጫ፣ የእህል ማከማቻ ተደርድሯል። ከባድ መኪና ሲጭንና ሲያራግፍ ይውላል። ያን ሁሉ ዕቃ የሚያነሳው በአብዛኛው የሰው ጀርባ ነው። መስጂድ ውስጥ ደግሞ ከኋላ ሰፍ በወንበር ተቀምጠው የሚሰግዱትን ስናይ ሁሉም ሽማግሌዎች አይደሉም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች አሉ። ሩኩዕና ሱጁድ ያቃታቸው፣ ወገባቸው የሄደ። ብዙዎቻችን «ሥራ በዝቶባቸው ነው» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ወገብን የሚሰብረው የሥራው ብዛት አለመሆኑን ነው።

ለዚህ አስቀድመን ሦስት ቃላትን እንለይ። በአማርኛችን ጉልበት፣ ሥራና አቅም እየተቀላቀሉ ይነገራሉ፤ በፊዚክስ ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ጉልበት ማለት መግፋት ወይም መሳብ ነው። የሚለካውም በኒውተን ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ዕቃ ወደ ታች የሚስበው ወደ 10 ኒውተን በሚጠጋ ጉልበት ነው። ሥራ ማለት ደግሞ ያ ጉልበት ዕቃውን በወሰደው ርቀት ሲባዛ ነው፤ መለኪያው ጁል ይባላል። አቅም ማለት ያንኑ ሥራ በስንት ጊዜ ጨረስከው የሚለው ነው፤ መለኪያው ዋት ነው፤ አምፖል ላይ የምናነበው ዋት ማለት ነው። (በነገራችን ላይ የመኪና ሰዎች «የፈረስ ጉልበት» የሚሉት በዚህ አከፋፈል ጉልበት ሳይሆን አቅም ነው። አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ስሙ ተለምዷልና አንጣላበትም።)

ግድግዳ ሲገፋ የዋለ ሰው በፊዚክስ ቋንቋ አንድም ሥራ አልሠራም፤ ግድግዳው አልተንቀሳቀሰምና። ላቡ ግን ወርዷል፤ ጡንቻው ደክሟል። ይህን አስታውሱት፤ ሰውነታችን የሚጎዳው በሥራው መጠን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው እንሂድ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለማንሳት 500 ኒውተን ጉልበት ይጠይቃል። የመኪናው ጭነት መጫኛ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። 500ን በ1.2 ስናባዛ 600 ጁል ይመጣል። አንዱን ከረጢት መኪና ላይ የማውጣት ሥራ ይኸው ነው። አንድ መቶ ኩንታል፣ ማለትም 200 ከረጢት ለመጫን 120,000 ጁል ይሆናል። ቁጥሩ ብዙ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ቤታችሁ ያለች አንዲት 60 ዋት አምፖል በ33 ደቂቃ ውስጥ የምትጨርሰው ይህንኑ ያህል ነው። በመብራት ቆጣሪ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሚባለው ሠላሳኛ እጁ ብቻ ነው። አሥር ቶን ሲሚንቶ መኪና ላይ ለማውጣት!

ጊዜውንም እንየው። 200 ከረጢቱ በሁለት ሰዓት ቢጫን አቅሙ 17 ዋት ገደማ ነው። ጤነኛ ሰው ምግቡን በልቶ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ ወደ 75 ዋት ያህል መስጠት ይችላል። እርግጥ ሸካሚው ከረጢቱን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ ባጎነበሰና በተነሳ ቁጥር የራሱንም ገላ አብሮ ያነሳል፤ ስለዚህ ድካሙ ከሂሳቡ ይበልጣል። ቢሆንም ሥራው ከሰው አቅም በላይ አይደለም። ከሰው አቅም በላይ የሆነው በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ጉልበት ነው።

ይህን ለመረዳት ልጆቻችሁን ጠርታችሁ ከበሩ ዘንድ አቁሟቸው። በሩን መጀመሪያ በእጀታው በኩል በአንድ ጣት ይግፉት፤ በቀላሉ ይሄዳል። ቀጥሎ ያንኑ በር ከማጠፊያው ሦስት ጣት ያህል ርቀው ይግፉት። በሩ ያው በር ነው፤ ጉልበቱ ግን ብዙ እጥፍ ሆኖ ይጠየቃል። ከማጠፊያው የራቀ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፤ የቀረበ ግን ብዙ ይከፍላል። ድንጋይ በዲጂኖ የፈነቀለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ረጅሙን ጫፍ ይይዛል እንጂ አጭሩን አይዝም። ማንሻ የሚባለው የመሣሪያዎች ሁሉ ታላቅ ወንድም ይህ ነው።

የእኛ ወገብም ማንሻ ነው፤ ነገር ግን በተገላቢጦሽ የተያዘ ማንሻ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን ከመሬት ሲያነሳ ማጠፊያው የታችኛው የጀርባ አጥንት ነው። ከረጢቱ ከዚያ ማጠፊያ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይንጠለጠላል። ቀና የሚያደርገው የጀርባ ጡንቻ ግን ከአጥንቱ የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 40 ለ5 ሲካፈል ስምንት ነው። ስለዚህ 50 ኪሎውን ለማንሳት ጡንቻው 400 ኪሎ ያህል ይጎትታል፤ ያ ሁሉ ጉተታ በአከርካሪው አጥንቶችና በመካከላቸው ባለው ለስላሳ ትራስ ላይ ያርፋል። የጎነበሰውን የላይኛውን ገላ ክብደት ገና አልጨመርንም። የእህል ኩንታል ከሆነ ደግሞ መቶ ኪሎ ነው፤ ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው መቶ ኪሎ በትከሻው ይዞ ቀጥ ብሎ መጋዘኑን ሲያቋርጥ ምንም ሳይሆን ውሎ፣ አንድ ቀን ከመሬት ሲያነሳ ወይም ሲያወርድ «ቀጭ» ብሎበት የሚቀረው። ትከሻ ላይ ያለ ጭነት ከማጠፊያው ጋር ስለሚቀራረብ በቁሙ ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ከፊት የተያዘው ግን ስምንት እጥፍ ያስከፍላል።

እንግዲህ ከዚህ ምን ይወጣል? አንደኛ ዕቃን ከደረት ጋር አስጠግቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ጀርባን ሳይጎብጡ መነሳት የጉልቤነት ጉዳይ ሳይሆን የሂሳብ ጉዳይ ነው። ከማጠፊያው ያለውን ርቀት ከ40 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ያወረደ ሰው 400 ኪሎውን 200 አደረገው። እናቶቻችንና እህቶቻችንም 20 ሊትር ጀሪካን ሲያነሱ ይኸው ሕግ ነው የሚገዛቸው። ሁለተኛና ዋናው ግን ከመጀመሪያውኑ ያን ያህል ጉልበት እንዳይጠየቅ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው መሣሪያ የተፈጠረው።

ከመሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ጣውላ ነው። 3 ሜትር ከ60 ርዝመት ያለው ጠንካራ ጣውላ ከመሬት እስከ መኪናው መጫኛ ቢዘረጋ ከፍታው ያው 1 ሜትር ከ20 ነው፤ መንገዱ ግን ሦስት እጥፍ ረዘመ። መንገዱ ሦስት እጥፍ ሲረዝም ጉልበቱ በሦስት ይካፈላል። ከረጢቱ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ላይ ሆኖ ሲገፋ፣ የጋሪው ክብደት ጭምር ታስቦ፣ የሚጠየቀው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ያህል ጉልበት ነው። ሥራው ያው 600 ጁል ነው፤ እንዲያውም ጎማው ከጣውላው ጋር በሚያደርገው ፍትጊያና በጋሪው ክብደት ምክንያት ትንሽ ይጨምራል። ወገብ ላይ የሚያርፈው ግን ሌላ ነው። መሣሪያ ሥራን አይቀንስም፤ ከባዱን ጉልበት በረጅም መንገድ ይመነዝረዋል። መቶ ብር ኖት በአሥር አሥር እንደሚመነዘር ማለት ነው፤ ገንዘቡ አልበዛም፣ አልጎደለም፤ ለመያዝ ግን ተስማማ።

ይህን የአገራችን መንገዶችም ያስተምራሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የሊማሊሞን መንገድ በደባርቅ በኩል ያየ፣ ወይም ከጎሐ ፅዮን ወደ ደጀን የአባይን በረሃ የተሻገረ ሰው መንገዱ ለምን እንደ እባብ እንደሚጠማዘዝ ጠይቆ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ቢወጣ አጭር ነበር፤ ነገር ግን የትኛውም ሞተር ያን ጉልበት አይሰጥም። ጠመዝማዛው የመንገድ ሠሪው ጣውላ ነው። ሹፌሩም አቀበት ሲጀምር ማርሽ የሚቀንሰው ለዚሁ ነው፤ ጎማው በዝግታ ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን ይበዛል።

ቁልቁለቱ ላይ ግን የተከፈለው ሁሉ ይመለሳል፤ የሹፌር ቤተሰብ የሆናችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 400 ሚሊዮን ጁል ይመልሳል። ያ ማለት 200ውን ከረጢት ከ3,300 ጊዜ በላይ መጫን ነው። ይህ ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከያዘው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ፍሬኑ እየጋለ ሄዶ መያዝ ያቅተዋል። «ፍሬን በጥሶ» የሚለውን ዜና ስንሰማ አንዳንዴ የተበጠሰ ነገር የለም፤ ግሎ ነው የከዳው። ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ በዝግታ የሚወርድ ሹፌር ግን ሸክሙን ለሞተሩ ያካፍለዋል። ስልክ እየደወላችሁ «ለምን ዘገየህ?» የምትሉ ባለ ንብረቶች እዚህ ላይ አንድ ነገር ይግባችሁ።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ጣውላው ርካሽ ከሆነ ለምን በየበሩ አይታይም? ስጠይቅ የሚነገረኝ «ጊዜ ይፈጃል» ነው። ጫኙ የሚከፈለው በኩንታል ነው፤ ባለ መኪናው ይቸኩላል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ጣውላ በሌለበት አንዱን መቶ ኪሎ ጀርባ ላይ ለማውጣት ሦስትና አራት ሰው ተጋግዞ ነው። በጣውላና በጋሪ ያንኑ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይገፋዋል፤ ሌሎቹ ሌላውን ይገፋሉ። ስለዚህ የጊዜው ክርክር ብዙ አያስኬድም ባይ ነኝ። እውነተኛው ምክንያት የሰው ወገብ ሲሰበር የሚከፍለው ባለ መጋዘኑ ስላልሆነ ይመስለኛል። ቢከፍል ኖሮ ጣውላው በማግሥቱ ይገዛ ነበር።

ለሠራተኛ ከአቅሙ በላይ እንዳይሰጥ፣ ከተሰጠም አሠሪው እንዲያግዝ የሚያዘው ሐዲስ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው። እገዛ ሲባል ባለ ሱቁ ወርዶ አብሮ ይሸከም ማለት ብቻ አይደለም። ጣውላና ጋሪ ማቅረብ፣ መቶ ኪሎውን በሃምሳ በሃምሳ ማስቋጠር እገዛ ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደረጃም እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የሸክም ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ እንዲሸከም የሚፈቀደው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ በፍጥነት ወደዚያ እንዲወርድ ይላል። የእኛ ኩንታል የዚያን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ስለ ማንሻ ካነሳን ሚዛንን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም፤ ሚዛን ራሱ ማንሻ ነውና። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ሐቀኛ የሚሆነው ሁለቱ ክንዶቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። አንዱ ክንድ 50፣ ሌላው 48 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ነጋዴው ዕቃውን በረጅሙ ክንድ በኩል ቢያስቀምጥ፣ ሚዛኑ እኩል ሆኖ እየታየ ከአንዱ ኪሎ 40 ግራም ይጎድላል። ዓይን አያየውም። መፈተኛው ግን ቀላል ነው፤ ዕቃውንና የብረት መመዘኛውን ቦታ አቀያይሩ። ሐቀኛ ሚዛን ሲቀያየርም እኩል ይቆማል፤ ሌላው ወዲያው ያጋድላል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የተሰየመችው ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ፈተና ደንበኛው ሳይጠይቀው በራሱ ሊያደርገው ይገባል።

የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር። አል-ኻዚኒ የተባሉት ሊቅ በመርው ከተማ ተቀምጠው በ515 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1121፣ «ሚዛነል ሒክማ» የሚባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ስለ ክብደት ማዕከልና ስለ ሚዛን ክንዶች ካስረዱ በኋላ አንድን ብረት በአየርና በውኃ ውስጥ በመመዘን ንጹሕ ወርቅ ይሁን የተቀየጠ የሚለይ ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር አሳይተዋል። አል-ጀዘሪም በዲያርበክር ለአርቱቅ ገዢዎች ሲያገለግሉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1206 በጨረሱት መጽሐፋቸው የውኃ መሳቢያ መሣሪያዎችን ከነሥዕላቸው አስቀምጠዋል፤ ዙሪያውን የሚሽከረከረውን ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ የፓምፕ ግፊት የሚያደርግ አሠራር ጭምር። ስማቸውን በኩራት መጥራት እንወዳለን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በስማቸው እየኮራን መጋዘናችን በር ላይ አንድ ጣውላ መጥፋቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከአቃቂ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የመብራት ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለረጅም ዓመታት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ተመርቋል። ከዛሬዎቹ ግድቦች ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ ነው የተገነባው። ነገር ግን የትንሹን የአባ ሳሙኤልን አቅም በሰው እንመንዝረው ብንል ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ የሚሠሩ 88,000 ሰዎች ያስፈልጋሉ። የሰው ልጅ በአቅም ከውኃና ከሞተር ጋር አይወዳደርም። ሰውን እንደ ሞተር ማሠራት በፊዚክስም ቢሆን ኪሳራ ነው።

ስለ አቅም ስናወራ ቤተሰቦች እንዳትታለሉ የምለው ነገር አለ። ያለ ነዳጅ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ፀሐይ ራሱን በራሱ እያዞረ መብራት የሚሰጥ መሣሪያ ፈጥሬያለሁ፣ ገንዘብ አዋጡና እናምርተው የሚል ሰው ቢመጣባችሁ፣ የጣውላውን ሂሳብ አስታውሱት። ማንሻም ሆነ ማርሽ ወይም ፑሊ ከተሰጠው ሥራ በላይ አይመልስም፤ በፍትጊያ ትንሽ ይበላል እንጂ። ሰውየው ቅን ሆኖ ተሳስቶ ይሆናል፤ ላያታልል ይችላል። ገንዘባችሁ ግን በሁለቱም መንገድ አይመለስም። «መሣሪያው ምን ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምንም» ካለ ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት።

አሁን በተግባር እንዴት ይሁን ለምትሉ። የመኪናችሁን መጫኛ ከፍታ በሜትር ለኩ፤ ጣውላው ከዚያ ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ቦታ ካለ አራት እጥፍ ይርዘም። አራት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ይሆናል። የላይኛው ጫፍ እንዳይንሸራተት በብረት መንጠቆ መኪናው ላይ ይያያዝ፤ መሃሉ እንዳይጎብጥ ከሥሩ ድጋፍ ይግባለት። ክረምት ላይ ጭቃና ውኃ ያንሸራትታልና ቀጫጭን እንጨት በአግድሙ ይመታበት፤ የጋሪው ጎማ የሚያልፍበት መስመር ብቻ ክፍት ይተው። ጎማ ስትመርጡ ትልቁን ምረጡ፤ ትንሽ ጎማ እያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይቆማል። የቆመ ጋሪ ለማስነሳት ከሚሄድ ጋሪ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጣውላው ሥር አቁሞ ከመጀመር ይልቅ ከሜዳው እየገፉ መምጣት ይቀላል። ሲወርድ ደግሞ ገፊው ከጋሪው በላይ ሆኖ ወደ ኋላው እየያዘ ይውረድ እንጂ ከታች ሆኖ አይቀበለው። በግንባታ ቦታ ባሬላ ለሁለት የምትሸከሙ እህቶችም ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ አሠሪያችሁን ጠይቁ፤ የጭነቱን አብዛኛውን ክፍል ጎማው ይሸከመዋል፤ ለእጅ የሚቀረው ትንሹ ነው።

ጣውላውን ማን ይግዛ የሚለውን አሠሪውና ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን ይነጋገሩበት። የሳሪስ ባለ መጋዘን ወንድሞች ከሰኞ በፊት ልካችሁን ለክታችሁ አናጢ ዘንድ ሂዱ።